ጅራቱ እኔ ጋ ነው

ጥቅምት 9 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ሳልዎ ቀልሎልዎት፣ ጉልበትዎ በርትቶ፣ በርዎም በሰላም የሚከፈትና በሰላም የሚዘጋ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ነኝ፤ ወለሉ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

የምጽፍልዎት ስለ አባቴ ሣጥን ነው። ከአልጋው ሥር የነበረው፣ ማንም እንዳይነካው የሚቆጣበት። ልጅ ሳለሁ አውቶቡሱን አቁሞ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ከሣጥኑ ጋር ይቀመጥ ነበር፤ ሲወጣ የሾፌር ዩኒፎርሙ እጅጌ ነጭ ብናኝ ይዞ ይወጣል። "ምን ትሠራለህ?" ስለው "ከወንድሜ ጋር አወራለሁ" ይለኛል። ካረፈ ጀምሮ ልከፍተው አልደፈርኩም ነበር። አሁን ከፈትኩት።

እንደሚያውቁት ሥራዬ ሙዚየም ነው። ምድር ቤት ባለው ክፍል፣ መብራት ሥር አጎንብሼ፣ በድንጋይ ውስጥ የቀረውን የጥንት እንስሳ አጥንት በመርፌና በብሩሽ አወጣለሁ። ብዙ አይቻለሁ። የአባቴን ብርድ ልብስ ስፈታ ያየሁትን ግን አላየሁም። ነጭ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ክንድ የሚያህል ዓሣ ተኝቷል፤ ከራስ እስከ ጅራት ሙሉ። አጥንቱ ቡናማ ነው። የታችኛው መንጋጋው ወደ ላይ ወጥቶ፣ የተኳረፈ ሰው አገጭ ይመስላል።

ሊቃውንቱ ዕድሜውን ወደ መቶ ሚሊዮን ዓመት ይገምቱታል፤ ዘመኑን ክሪቴሺየስ ይሉታል። እናንተ ድንጋይ የምትፈልጡበት ደረቅ ምድር ያን ጊዜ ባሕር ነበር፤ ድንጋያችሁም የዚያ ባሕር ወለል ጭቃ ነው። አባቴ "ግማሹ ወንድሜ ጋ ነው" ይል ነበር። እውነት ነው? የሚያስፈልግዎት ነገር ካለም ይንገሩኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 24 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ፤ ጤናውን ሰጥቶ ዕድሜውን አይሰስትብሽ። እኔ አለሁ። ሳሉም አለ፤ አብረን ነው የምናድረው። ይህን የሚጽፈው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ከራሱ ቃል እንዳይጨምር አስምዬዋለሁ፤ ባለፈው ለአንድ ሰው ሲጽፍልኝ "በታላቅ ትሕትና" የሚል አስገባብኝ። እኔ ምን ትሕትና አለኝ? ድንጋይ ፈላጭ ነኝ።

ሣጥኑን መክፈትሽ ጥሩ አደረግሽ። መቶ ሚሊዮን ያልሽውን ግን ተይው። ያንን የቆጠረ ሰው ምን ያህል ሥራ ቢፈታ ነው? ባሕር ነበር ያልሽው ግን እውነት ነው፤ እኛ ድንጋይ በሚወጣበት ካባ ውስጥ ዛጎል ስንረግጥ ነው የኖርነው። ውሃው የት ሄደ ብዬ የካባውን ኃላፊ ብጠይቀው "ሥራህን ሥራ" አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።

ግማሹ እኔ ጋ ነው፤ አባትሽ አልዋሸሽም። ሌሎች ጥንዶች አንድ ጠርዝ ላይ ሲመቱ ክርናቸው እየተጋጨ ይሰዳደቡ ነበር። እኛ ግን አባትሽ ግራኝ፣ እኔ ቀኝ፣ ጎን ለጎን ቆመን ክርናችን ወደ ውጭ ነው። ኃላፊው "እነዚህ አንድ ባለ አራት እጅ ሰው ናቸው" ይል ነበር። እኔን ሽብልቅ ይሉኛል፤ የገባሁበት ድንጋይ ሳይከፈት ስለማይቀር ነው። አባትሽን "የሽብልቅ ወንድም" ይሉታል። ደግ ሰው ነበር፤ ድንጋይ ግን አያውቅም። መሮ ሲይዝ ሽንኩርት የሚልጥ ነው የሚመስለው። ልብስ ሰፊው "ይህንንስ አልጽፍም" አለ። ጻፍ አልኩት።

ያ ድንጋይ በወጉ ከመቱት እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። እኔ ፊደል ባልቆጥርም ከእኔ በላይ ገጽ የገለጠ ሰው በዚህ አካባቢ የለም። የካባው ሕግ ደግሞ አለ፤ ድንጋዩ ተከፍቶ ዓሣ ከተገኘበት የመጨረሻውን የመታው የላይኛውን ይወስዳል፣ ሌላው የታችኛውን። ክርክር የለም። ያን ቀን የመጨረሻውን የመታው አባትሽ ነው። ስለዚህ ከራሱ እስከ ወገቡ አጥንቱ ወደ እሱ ሄደ፤ እኔ ጋ የገላው ጉድጓድ ብቻ ቀረ። ጅራቱ ጋ ሲደርስ ግን ድንጋዩ ሐሳቡን ለወጠ። የአባትሽ ወገን ጫፉ ተሸረፈና ጅራቱ ሙሉውን እኔ ጋ ቀረ። አባትሽ ሳቀና "በል ያዝልኝ፣ እንዳይሸሽ" አለኝ። ብዙም ሳይቆይ የሸሸው ግን እሱ ነው፤ ግማሽ ዓሣውን ይዞ ሄደ።

እንግዲህ "ከራስ እስከ ጅራት ሙሉ" ያልሽው አልገባኝም። የአባትሽ ዓሣ ጅራት የለውም። ጅራቱ እኔ ጋ ነው።

መነጽር ላኪልኝ። ወፍራም ይሁን፤ ያለኝ ደክሞታል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

የደጅዎ ፀሐይ እንዳይጎድልብዎት፣ ጎረቤትዎም እንዳይርቅዎት እመኛለሁ። ልብስ ሰፊውን ያመስግኑልኝ፤ አባቴን ሽንኩርት ላጭ ያደረገውን ቃል ሳይወድ እንደጻፈው ከፊደሉ ይታወቃል።

መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። የጅራቱን ነገር ደግሞ ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ በመርፌዬ ደርሼበት ነበር። ሳጸዳ መርፌው አጥንት ላይ እንደሚያደርገው አልተንሸራተተም፤ ያዝ አደረገው። በአጉሊ መነጽር ሳየው የመሮ ፈለግ ነው። አንድ ሰው ከሌላ ነጭ ድንጋይ ጅራት ጠርቦ፣ ቀለሙን አመሳስሎ፣ በኖራ አጣብቆታል።

አለቃዬን ጠራኋት። ዕድሜዋን በዓሣ አጥንት ላይ የፈጀች፣ ሰው ቶሎ የማያስገርማት ሴት ናት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከራሱ እስከ ጅራቱ አየችው። "ይህን የሠራ ሰው ሲያይ አይቸኩልም" አለች። ሁለታችንም ያልወደድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታችኛው የጅራቱ ጫፍ ጎድሏል። መሮው አምልጦት ይሆናል አልን። ጠራቢው እርስዎ ነዎት እንዴ?

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ይህ ዓሣ ሁለት የቅርብ ዘመዶች አሉት። ከራስ እስከ ወገብ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በጅራታቸው ነው። አዲሱ አዳራሽ በመስከረም ይከፈታል። እውነተኛው ጅራት ከመጣ ዓሣው ስሙን አግኝቶ መሃል አዳራሹ ላይ ይቆማል። ካልመጣ ሐሰተኛው ጅራት ይነቀልና ዓሣው ስም የለሽ ሆኖ ምድር ቤት መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የገባ ደግሞ አይወጣም፤ መሳቢያዎቹን አውቃቸዋለሁ። አጎቴ፣ ድንጋይዎን ይልኩልኛል? የማጓጓዙን ጣጣ ሙዚየሙ ይችላል።

የአባቴን ዓሣ እንዲያዩት ፎቶግራፉን አያይዣለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 30 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደ ጥሩ ድንጋይ ስንጥቅ አይግባብሽ። እኔ ደህና ነኝ። መልሱ ዘገየ፤ ብርድ ነበር።

የጠረብኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ድንጋይ እፈልጣለሁ እንጂ ድንጋይ ላይ ውሸት አልለጥፍም። አባትሽን አንዱ ነጋዴ አታልሎት ይሆናል። "ጅራት ልቀጥልልህ" ብሎ እሺ ያሰኘው፤ አባትሽ ለሁሉም እሺ ነው። መሮው አምልጦታል ካልሽ ደግሞ የመናኛ ሰው ሥራ ነው፤ ንቀዪና ጣዪው።

ድንጋዬን አልክም። ጠረጴዛዬ ነው። ሬዲዮኔ እሱ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሌላ ቦታ ሳደርገው ይንኮሻኮሻል። መንገዱም ሩቅ ነው፣ ይሰበራል። ቢደርስስ? መስታወት ውስጥ ልትቆልፉበት ነው። ስም የለሽ ይሆናል ያልሽኝም አያስፈራኝም። እኔንም ከሽብልቅ በቀር በሌላ ስም የሚጠራኝ የለም፤ ይኸው መሳቢያ ውስጥ አልገባሁም።

መነጽሩ ጥሩ ነው።

ፎቶግራፉን አየሁት። ልብስ ሰፊው "ላሳይዎት" ሲል ለእኔ ነው የተላከው ብዬ ተቀበልኩትና መስኮቱ ጋ ሄጄ አየሁት። ራሱ ነው! ያ ረጅም መንጋጋ፣ ያ ጥርስ፣ አንድ በአንድ። እንደ ትናንት ነው የመሰለኝ። ከእንግዲህ ግን ፎቶግራፍ አትላኪ፤ አንድ ይበቃል። ይልቅ ጻፊልኝ። ሥራሽን፣ ዓሣውን፣ እንዴት እንደሚመስል። ረዘም አድርገሽ ጻፊው፤ አንባቢዬ ቢደክመውም ሻይ አጠጣዋለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 22 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ደጅዎ ላይ ይዋል። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። ድንጋዩን እንደማይልኩ ገብቶኛል፤ አልከራከርም። ረዘም አድርጌ እንድጽፍ ያዘዙኝን ደግሞ በሚቀጥለው እፈጽማለሁ። ዛሬ አጭር የሆነብኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የወንድምዎ ልጅ

(በሌላ ወረቀት)

ለልብስ ሰፊው ጋሼ፣

ይህችን ለእርስዎ ብቻ ነው። እባክዎ ለአጎቴ አያንብቡላቸው። ባለፈው የላክሁት ፎቶግራፍ ተሳስቶ ነው። የአባቴ ዓሣ ፎቶግራፍ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል፤ የሄደው የሌላ ዓሣ ነው። ያኛው እንደ ሰፌድ ክብና ጠፍጣፋ ነው፤ መንጋጋም ጥርስም የሚታይበት አይደለም። አጎቴ ግን ጥርሱን አንድ በአንድ አየሁት አሉኝ። ጋሼ፣ ዓይናቸው እንዴት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።


ሚያዝያ 25 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እግዜር ይይልሽ አልልም፤ ይባርክሽ። ግን ተናድጃለሁ።

ልብስ ሰፊው ደብዳቤሽን ሲከፍት ድምፁ የሁለት ወረቀት ነበር። አንዱን አነበበና አቆመ። "ሁለተኛውስ?" አልኩት።

"ስለ እኔ ነው።"

"ያንተ ጉዳይ እኔ ደብዳቤ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ሰላምታ ነው።"

"ሰላምታ ከሆነ ጮክ ብለህ ሰላም በለኝ!" አልኩት። እሱ መዋሸት አይችልበትም፤ የሱሪ ቀጠሮ ላይ ካልሆነ በቀር። አነበበው።

እንግዲያውስ ስሚ። አዎ፣ አላይም። መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙ ሄደ፤ ቀጥሎ መሃሉ። አሁን መስኮቱ የት እንደሆነ ከሙቀቱ ነው የማውቀው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ያደርጉልኛል? እጄን ይዘው መንገድ ሊያሻግሩኝ? ልብስ ሰፊው ግን ያውቅ ኖሯል። "ኮትዎን ገልብጠው ሲለብሱ ነው ያወቅሁት፤ አዲስ ፋሽን ነው ብዬ ዝም አልኩ" አለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ እንዳላፍር እሱ ዝም፣ እሱ እንዳይጨነቅ እኔ ዝም። ሁለት ሽማግሌ ድብብቆሽ ስንጫወት ከረምን።

አሁን ድንጋዩን ለምን እንደማልሰጥሽ ልንገርሽ፤ የሬዲዮኑ ነገር ሰበብ ነው። ሁሉም ነገር ጨልሟል፤ ድንጋዩ ግን አልጨለመም። ጠዋት ስነሣ ሬዲዮኑን አነሣና እጄን አሳርፍበታለሁ። የገላው ጉድጓድ አለ፤ ጣቴ ገብቶ ይሄድበታል። ከዚያ ጅራቱ። ሹካ ነው፤ የላይኛው ትንሽ ረዘም ይላል። ዘንጎቹ ከሥር አንድ አንድ ሆነው ይነሡና ወደ ጫፍ ሲሄዱ ለሁለት፣ ለአራት ይሰነጠቃሉ፤ እንደ ፀጉር ይቀጥናሉ። የታችኛው ጫፍ ጎዶሎ ነው። ተነክሷል። ከእሱ የሚበልጥ ዓሣ ቦጭቆት፣ አምልጦ ኖሯል፤ ቁስሉ ጠርዙ ላይ ለስልሷል፣ ድኗል ማለት ነው። ጎበዝ ዓሣ ነው።

ይህን ዓሣ ከእጄ ብታወጪብኝ ምን አያለሁ? መልሽልኝ እስቲ።

ከእንግዲህ ደግሞ ወረቀት እንዳታንሾካሹኪብኝ። ዓይኔ ነው የሄደው፤ ጆሮዬ አልሄደም። ጻፊ ያልኩሽን ጻፊ።

አጎትሽ


ሰኔ 18 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

የሚነኩት ሁሉ ደግ ይሁንልዎ። ወረቀት በማንሾካሾኬ ይቅር ይበሉኝ፤ ከእንግዲህ ሁሉም ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነው።

ድንጋይዎን አልጠይቅም። ምን አያለሁ ላሉኝ ያዘዙኝን በመፈጸም ልመልስ።

ባሕሩን ልንገርዎት። ለብ ያለ ነበር። ላይ ላዩ በሕይወት የተሞላ፤ ታች ወለሉ ግን ጸጥ ያለ፣ አየር ያጠረው። በላይ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ሲሞቱ ቅርፊታቸው እንደ ዱቄት እየረገፈ ወለሉ ላይ ነጭ ጭቃ ሆነ። በስሱ፣ በስሱ እየተደራረበ። ሲገልጧቸው የኖሩት ገጾች እነዚያ ናቸው። የእኛ ዓሣ ሞቶ ሲወርድ ታች የሚበላው አልነበረም፣ የሚበትነው ማዕበልም አልነበረም። ነጩ ጭቃ ቀስ ብሎ አለበሰው። አስከሬኑን እንደዚህ በክብር የያዘለት ባሕር ነው።

አሁን ዓሣው። መንጋጋው ላይ ጥርሶቹ እኩል አይደሉም፤ ከፊት የቆሙት እንደ መርፌ የረዘሙ ናቸው። የጉንጩ አጥንት ከወረቀት ይሳሳል፤ መብራት ሳቀርብለት ያሳልፋል። የጀርባው አንጓዎች እንደ ክር ማጠንጠኛ መሃላቸው የቀጠነ ነው። ጎድኖቹ አንዱም አልተዛነፈም። ከጎድኖቹ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ዓሣ አገኘሁ! በራሱ በኩል ነው የተዋጠው፤ ራሱ ወደ ጅራት ዞሯል። የእኛ ዓሣ እራቱን እንደበላ ነው የሞተው። ያን ቀን መርፌዬን አስቀምጬ አለቃዬን ጠራሁ፤ እሷም ሌሎቹን ጠራች። ክፍሉ ሙሉ ሰው አንዲት ትንሽ ዓሣ ላይ አጎንብሶ ነበር።

ቃል ግን ለእጅ አይበቃም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ የአባቴን ድንጋይ ቅርጹን በጎማ ወስጄ አምሳያውን በጄሶ አወጣሁት፤ እያንዳንዱ አጥንት፣ እያንዳንዱ ጭረት አለበት። ሐሰተኛውንም ጅራት ሳልነቅል ነው የቀረጽኩት። የምነቅልበት ቀን ተወስኖብኛል፤ እኔ ግን ነገ ዛሬ እያልኩ ነው። ለምን እንደሆነ አልጽፍም። ስለ ጅራቱ ስለ ጻፉልኝ ነገር ብዙ አስቤአለሁ፤ የምጠረጥረው አለኝ፤ ግን ከእኔ ዓይን የእርስዎን ጣት አምናለሁ። ይፍረዱ።

ሣጥኑ ከዚህ ደብዳቤ ኋላ ይደርሳል።

የወንድምዎ ልጅ


ነሐሴ 30 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እጅሽ ይባረክ። የሌላው ነገርሽ ሁሉ ይቆይ፤ በመጀመሪያ እጅሽ።

ሣጥኑ መጣ። ልብስ ሰፊው በመቀሱ ከፈተው፤ "ይህ መቀስ የጨርቅ ነው፣ አበላሸኸው" እያለ ራሱን እየተቆጣ። ዝም በል አልኩትና ጄሶውን ከድንጋዬ ጎን አስተኛው።

ከመንጋጋው ጀመርኩ። የተኳረፈ ነው ያልሽው ልክ ነው። ጥርሱ ወጋኝ፤ ከሞተ በኋላም ይናከሳል። ወደ ጎድኑ ወረድኩ። ትንሿን ዓሣ ስነካት ሳቅሁ። ድንጋዬ ላይ በዚያ ቦታ አንዲት ስርጉድ መስመር አለች፤ ይህን ሁሉ ዘመን የእኔ ሽብልቅ የጫረችው እየመሰለኝ ስረግም ኖሬአለሁ። ለካስ እራት ናት።

ከዚያ ልግጠማቸው አልኩ። ልብስ ሰፊው ጄሶውን ገልብጦ ያዘልኝ፣ ድንጋዬ ላይ አወረድነው። አጥንቱ ጉድጓዱን አወቀው። ጠቅ ብሎ ሲገባ ተሰማኝ። አሮጌ ቁልፍ በሩን ሲያገኝ እንደሚለው። ጅራቱ ጋ ግን እምቢ አለ፤ ሁለት ጅራት አንድ ቦታ አይገባም። "ሐሰተኛው ነው" አለ ልብስ ሰፊው። "አንሣልኝና መልሰው" አልኩት።

ጎን ለጎን አስተኝተናቸው ቀኝ እጄን በእኔው ጅራት ላይ፣ ግራ እጄን በሐሰተኛው ላይ አደረግሁ። አብሬ ሄድኩ። ዘንጎቹ እኔ ጋ ለሁለት ሲሰነጠቁ እዚያም ይሰነጠቃሉ። ለአራት ሲሆኑ እዚያም ለአራት። የላይኛው ረዘም ይላል፣ እዚያም ይረዝማል። የታችኛው ጫፍ ላይ ስደርስ ሁለቱም እጆቼ አብረው ወደቁ። ያ ጎዶሎ። አንቺና አለቃሽ መሮው አምልጦት ነው ያላችሁት። አምልጦት አይደለም። ንክሻው ነው። ጠርዙን እንኳ እንደዳነ ቁስል አለስልሶታል።

ያን ንክሻ በዓይኑ ያየ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ያም አልበቃኝም፤ እኔ ቶሎ አላምንም። በጥፍሬ የመሮውን ፈለግ ተከተልኩት። ጭረቱ ሁሉ ከግራ ነው የሚነሣው። የቀኝ ሰው እንዲያ አይመታም። ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ቆሜ ኖሬ የዚያን እጅ አመታት ላልለየው ነው?

ነጋዴ አይደለም። አባትሽ ነው። ያንን ጅራት ከሄደ በኋላ በዓይኑ አላየውም፤ እኔ ጋ ነበርና። አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ፣ በሩን ዘግቶ፣ በልቡ ካለው ነው የቀዳው። ልብስ ሰፊው "እንዴት ነው ሥራው?" ብሎ ጠየቀኝ። ቆንጆ ነው አልኩት። ከእኔ አይበልጥም፤ ግን ቆንጆ ነው። ያኔ ሽንኩርት የሚልጥ ያልኩትን ይሻር ብዬ ልጻፍ ወይ ሲለኝ ተወው አልኩት፤ ሽንኩርት እንዲህ የሚልጥ ሰው ካለ ያምጣልኝ።

"ከወንድሜ ጋር አወራለሁ" ይልሽ ነበር አይደል? ዘግይቶ ደረሰኝ እንጂ ሰማሁት።

አሁን ፍርዴን ጻፍ ብዬዋለሁ፤ ስሚ። የካባው ሕግ ሕግ ነው፤ የመጨረሻውን የመታው ይወስዳል። እኔ መዶሻዬን ካስቀመጥኩ በኋላ አባትሽ ሲመታ ነበር። ስለዚህ ዓሣው የእሱ ነው፤ ግማሹም፣ ጅራቱም። ድንጋዩን ልኬልሻለሁ። ልብስ ሰፊው ከቁርጥራጭ ጨርቅ በጥጥ የተሞላ ኮት ሰፍቶለታል፤ "ለድንጋይ ልኬት ወስጄ አላውቅም፣ ደግሞ ዝም ብሎ ይቆምልኛል፣ ከደንበኞቼ ሁሉ ይሻላል" እያለ። ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፍቶበታል፤ አይጎዳም።

እናንተም ስሙን ስጡት። መሃል አዳራሹ ላይ ይቁም። የሚያየው ሰው ሁሉ ደግሞ ንክሻውን ሳያይ እንዳያልፍ ንገሪልኝ፤ ተነክሶ ያመለጠ ነው በሉ።

አንድ ነገር ግን በምላሹ እፈልጋለሁ። እውነተኛው ጅራት ከመጣልሽ ያኛው ከእንግዲህ አያስፈልግሽም። ቀኑን እየገፋሽ ነው የነበርሽው፤ አሁን ንቀዪው። ቀስ ብለሽ፣ ከኖራው በኩል ግቢ፤ ጠርዙን እንዳትነኪው። ጄሶውን አይደለም የምልሽ፤ ጄሶው ይቆይልኛል፣ ግን የወንድሜ እጅ አልነካውም። እሱ ራሱ የመታውን ድንጋይ ነው የምፈልገው። እውነተኛውን ለሕዝቡ አሳዩት፤ የወንድሜን ለእኔ ላኪልኝ።

ሬዲዮኑን ወንበር ላይ አድርጌዋለሁ፤ ይንኮሻኮሻል። የድንጋዩ ቦታ ባዶ ነው። አታቆዪኝ።

አጎትሽ